ዘጠኝ ቁጥሩን አይተሽ ጻፊልን

ነሐሴ 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽም አልፎ አልፎ "ጉልበቴን" ከማለቷ በቀር ምንም አትል፤ አፏ ከሆነ እንደ ድሮው ነው። የላክሽልኝ መነጽር ደርሶኛል። አሁን መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው በአንድ ሙከራ ነው፤ ሱቄ ብቅ ያለ ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ይህንን እንዲያይ ይገደዳል። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ መነጽር፣ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ጫማ አይደለም። ልጄ፣ ዛሬ የምለምንሽ ዓይንሽን ነው።

ክለባችን የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ትከሻዬ ላይ ሆነሽ ታይው የነበረው ቡድን የለም። ያኔ ክረምት ሲገባ የምንጨቃጨቀው "ከብሔራዊ ቡድን ማንን እንውሰድ" በሚል ነበር። ከዚያ "ከብሔራዊ ቡድን የተቀነሰም ቢሆን ግድ የለም" አልን። ከዚያ "ዕድሜው ቢገፋም ልምድ አለው" አልን። አምና ደግሞ አንድ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስቶ "ሁለት እግር ካለው ይፈርም" ቢል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰባቱ ዋንጫዎቻችን አሁንም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ባለ መስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ቁልፉ ስለጠፋ ግን ሦስት ዓመት አቧራቸውን የጠረገላቸው የለም።

ዘንድሮ አንድ ደላላ አጥቂ አገኘሁላችሁ ብሏል። አጥቂው የእኛው አገር ልጅ ነው፤ የሚኖረው ግን አንቺ ካለሽበት ከተማ ነው። በወጣትነቱ እዚያ ትልቅ ክለብ ውስጥ ነበር ይላሉ። አሁን እሁድ እሁድ ለአንድ የሰፈር ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ ይጫወታል። ቪዲዮም ልላክላችሁ ብሎናል፤ ነገር ግን በቪዲዮ ተቃጥለናል። አምና ቪዲዮ አይተን ያስፈረምነው የክንፍ ተጫዋች፣ ለካስ ደላላው ቪዲዮውን አፍጥኖት ኖሯል። ልጁ ሲመጣ በራሱ ፍጥነት መጣ።

ስለዚህ የደጋፊ ማህበሩ አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ፣ ያየውንም በወረቀት ጽፎ እንዲፈርም ወሰነ። በስልክ የተባለ ነገር እንደማንቀበል ታውቂያለሽ፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ስልክ ከሆነ ሰሚው ሁሉ የየራሱን ይሰማል። "ማን አለን እዚያ?" ሲባል እጄን አወጣሁ። "የእህቴ ልጅ አለች፤ ኳስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አልኩ። ማይክራፎን ደግሞ ዝም አይልም። ማይክራፎን ማለት ድምፁ ከጎል ጀርባ ተነስቶ ትሪቡን የሚደርስ፣ የሊቀመንበርነት ወንበሬን ሲመኝ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ሰውዬ ነው። "ሴት ልጅ ስለ አጥቂ ምን ታውቃለች?" አለ። መልሱን አንቺ ጻፊለት።

የሜዳው አድራሻ በወረቀቱ ጀርባ አለልሽ። ሌላውን ሁሉ ተዪው፤ ዘጠኝ ቁጥሩን ብቻ እዪው። አይተሽ ጻፊልን።

አጎትሽ፣
የደጋፊ ማህበሩ ሊቀመንበር


ነሐሴ 30 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ለእናቴ ጉልበቷን በሞቀ ፎጣ እንድትይዝ ንገሩልኝ፤ እንደማትሰማም አውቃለሁ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሆቴሉ ላውንደሪ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ቀኑን ሙሉ ከአንዲት ሴት ጋር አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን ለመተኮሻው ማሽን ስናጎርስ እንውላለን። እውነቱን ልንገርዎ አጎቴ፣ እዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚፈልገው እጄን ነው። ዓይንሽን አውሽኝ ያለኝ ሰው የለም። አመሰግንዎታለሁ።

እሁድ ፈረቃዬን ተቀያይሬ ሄድኩ። ሜዳው የባቡር ሐዲድ ሥር ነው። መቀመጫም፣ ስም የሚጠራ ድምፅ ማጉያም የለውም፤ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሰው ከሽቦ አጥር ጀርባ ቆመን እናያለን። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል።

አሁን ለማህበሩ የምመሰክረው ይህ ነው። ዘጠኝ ቁጥሩ ቁመቱ አጠር ያለ ነው፤ ግራኝ ነው፤ ሲሮጥ ጭቃውን አይነካውም። ሁለት ጎል አገባ። የመጀመሪያዋን በሁለት ተከላካዮች መሃል ሾልኮ፣ በረኛው ወደ ቀኝ ሲወድቅ በግራው ገፋ አድርጎ አስገባት። ሁለተኛዋን ከሃያ ሜትር መታት፤ እኔ ኳሷን አላየኋትም፣ ከመረቡ ላይ የተረጨውን ውሃ ነው ያየሁት። ጉድለቱንም ልናገር፦ በጭንቅላት አይገጭም፣ ኳስ ካላቀበሉት ያኮርፋል። ወደ ሥራ መመለስ ስለነበረብኝ የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ አላየሁም። ይህንን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ጽፌ ፈርሜያለሁ።

"ሴት ልጅ ስለ አጥቂ ምን ታውቃለች" ላሉት ሰውዬ ደግሞ፣ ኳስ ሲመጣለትማ ማንም ያየዋል፣ እኔ የማየው ኳስ ሳይመጣለት የሚሠራውን ነው ትላለች ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 26 ቀን

ይድረስ ለዓይኔ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ዘርሽ ይባረክ! ጉድሽን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሜ አነበብኩት። "ከመረቡ ላይ የተረጨውን ውሃ ነው ያየሁት" የሚለው ላይ ስደርስ አዳራሹ በእግሩ ቆመ። ማይክራፎን ኮፍያውን አወለቀ፤ እኔ እስከማውቀው ያ ኮፍያ ወልቆ አያውቅም። ያንን መልስሽን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ክለቡም በማግስቱ ሰውየውን አስፈረመው። እኔም ተነስቼ "እሷ አየች ማለት እኔ አየሁ ማለት ነው፤ ይህ ሰው ባይሆን እኔን ጠይቁኝ" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

አሁን ይህንን የምጽፍልሽ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው። ማሊያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ነጩን ጨርቅ ቀድጄ ዘጠኝ ቁጥርን እየሰፋሁለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር ስሰፋ ሁለቴ ፈትቼ እንደገና የሰፋሁት ዛሬ ነው። እናትሽ መጥታ "ለሰርግ ልብስ እንዲህ አልተጨነቅክም" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። በዚህ ዕድሜዬ ውድድሩ ቶሎ በጀመረ ብዬ እንደ ልጅ ቀን እንድቆጥር ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አጎትሽ፣
የደጋፊ ማህበሩ ሊቀመንበር


ኅዳር 5 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምነሽ? መልስሽ ቢዘገይብኝ ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ ነው እንደገና የምጽፈው። እኛ ደህና ነን።

ሰውየው መጣ። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ከበሮ ይዘን ሄድን። መጀመሪያ አጠር ያለውን ግራኝ ስፈልግ ከፊቴ ቆሞ የሚጠብቀኝን ሰው አላየሁትም። ልጄ፣ ሰውየው ረጅም ነው። በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ራሱ ላይ ፀጉር የለም። እንደምን አደሩ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ይህንን አልክድም። እኔም ለራሴ፣ ሰው ከአጥር ጀርባ ሲታይ ያጥራል፣ ዝናብም ነበረ አልኩት።

የሰፋሁለት ማሊያ እምብርቱ ላይ ቀረ። ሌላ ሰፋሁ።

አራት ጨዋታ ተጫውቷል። የሚመታው በቀኙ ነው። ሩጫውን ከጀመረ ሌሎቹ ሄደው ተመልሰዋል። ጎል የለም። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ደጋፊው ስም አወጣለት፦ ሐውልት። ከጎል ጀርባ ያሉት "ሐውልቱ ተነቃነቀ!" እያሉ ያጨበጭባሉ። ጥርስ የማያስከድን ቀልድ ነው፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ማይክራፎን ለኅዳር ሃያ አምስት አስቸኳይ ጉባኤ አስጠርቷል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ያ ምስክርነት እንዴት መጣ የሚል ነው። እኔ አልቆጣሽም። አንዲት መስመር ብቻ ጻፊልኝ፦ ያየሽው ይህንን ሰው ነው?

አጎትሽ፣
የደጋፊ ማህበሩ ሊቀመንበር


ጥር 8 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎን ልጠይቅ እንኳ አፈርኩ። ደብዳቤዎ በአሥር ቀኑ ደርሶኛል። ሁለት ወር ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ያየሁት እሱን አይደለም። አንዷ መስመር ይህች ናት፤ እሷን ለመጻፍ ነው ሁለት ወር የፈጀብኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት እሁድ ወደዚያ ሜዳ ተመልሼ ሄድኩ። ያ ግራኝ አሁንም ዘጠኝ ቁጥር ለብሷል መስሎኝ ነበር፤ አራት ቁጥር ለብሷል። ማሊያ የሚይዘውን ሽማግሌ ጠየቅኩት። ሰውየው ሳቀ። እዚህ የሰፈር ቡድን ውስጥ ቁጥር የማንም አይደለም። ከረጢቱን ልብስ መቀየሪያው ክፍል መሃል ይገለብጡታል፣ ቀድሞ የመጣ የሚበቃውን፣ ያልረጠበውን ያነሳል። ያን ቀን ዘጠኝ ቁጥርን ያነሳው ያ ግራኝ የአትክልት መጋዘን ሠራተኛ ነው፣ ለመዝናናት ነው የሚጫወተው፤ የትም የመሄድ ሐሳብ የለውም። የእኛ ሰው እሽግ ዕቃ ከሚለይበት ሥራው ዘግይቶ ደርሶ የተረፈችውን አሥራ አራት ቁጥር ለበሰ።

እኔ እርስዎ ሱቅ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ የጨርቅ ቁራጭ ስለቅም ያደግኩ ልጅ ነኝ። እርስዎ ቁጥር ሰፍተው ከሰጡ ያ ቁጥር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያ ሰው ነው። ማሊያ እንደ ጃንጥላ የፈለገ የሚያነሳው ነገር ነው ብሎ ማን ያስባል? ስሙን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን ወንዶቹን ሄጄ ማናገር አፈርኩ። አፈርኩና እርግጠኛ ሆኜ ጻፍኩ። "ዓይንሽን" ስላሉኝ ባዶ ዓይን ይዤ መመለስ አልቻልኩም።

ከዚህ የባሰውን ልንገርዎ። እሱንም አይቼዋለሁ። የተጋጣሚው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር አዝሎት ከሜዳ ያወጣው አሥራ አራት ቁጥሩ ነው። ደግ ሰው ነው አልኩና ዓይኔን ወደ ዘጠኝ ቁጥሩ መለስኩ።

ይህንን ደብዳቤ ጉባኤው ፊት ያንብቡት። ጉባኤው አልፎም ከሆነ ሌላ ያስጠሩና ያንብቡት። ፈርሜበታለሁ። ወንበርዎስ? ምን አሉዎት? እባክዎ አይደብቁኝ።

ያሳፈረችዎት የእህትዎ ልጅ


የካቲት 15 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሁለተኛ "ያሳፈረችዎት" ብለሽ ብትጽፊልኝ ደብዳቤሽን ሳልከፍት ነው የምመልሰው! አንቺ እኔን አሳፍረሽኝ አታውቂም። "ሌላውን ተዪው፣ ዘጠኝ ቁጥሩን ብቻ እዪው" ያለሽ ማነው? እኔው ነኝ። ቁጥር ሲሰፋ የኖረ ሰው ከሰው በፊት ቁጥር ይታየዋል። ስህተቱ የእኔ የሙያ በሽታ ነው፣ አንቺ ላይ ተጋብቶብሽ ነው።

ጉባኤው ካለፈ ቆይቷል፤ አለፈ። ሌላ ጉባኤ የሚያስጠራ ነገር የለም። ደብዳቤሽን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ የማነብለትም ሰው የለኝም።

ይልቅ አዲስ ነገር ስሚ። የመሃል ተከላካያችን ትከሻው ወለቀ። የሚተካው ሰው ጠፋና አሰልጣኙ ተስፋ ቆርጦ ሐውልትን ወደ ኋላ ላከው። ደጋፊው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ልጄ፣ ለካስ ያንን ሰው ሩጥ ስንለው ነው የተበላሸው! እዚያ ቆሞ ሲጠብቅ ኳሱ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ከላይ የመጣውን በጭንቅላቱ፣ ከታች የመጣውን በዚያ ረጅም እግሩ ያወጣዋል። አንድ ጊዜም አይጮህም፣ አንድ ጊዜም ሰው አይመታም። በአምስት ጨዋታ የገባብን ሁለት ጎል ብቻ ነው። ሁለቱም እሱ ጫማውን ሲያስር የገቡ ናቸው።

ከጨዋታ በኋላ ማሊያውን አጥፎ ራሱ ሱቄ ያመጣዋል። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተተርትሯል፣ ሲመችዎት" ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ማሊያውን አጥፎ ያመጣልኝ ተጫዋች የለም። የዋንጫ ዘመኖቹ ጀግኖች እየወረወሩልኝ ነበር የሚሄዱት።

ስለዚህ አትዘኚ። ደህና ብዪ፣ ደህና ተኚ።

አጎትሽ፣
ልብስ ሰፊው


መጋቢት 20 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አብራኝ የምትሠራው ሴት "ዛሬ አንሶላው ቀለለሽ ወይ?" አለችኝ። ለካስ ሦስት ወር ሙሉ እየጎተትኩት ኖሯል።

ስላልተቆጡኝ አመሰግንዎታለሁ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር፣ ግን አመሰግንዎታለሁ። ስለ ወንበርዎ የጠየቅኩትን ሳይመልሱልኝ አልፈውታል። ረስተውት ይሆናል ብዬ ልለፈው።

እስከ ዛሬ የሚለምኑኝ እርስዎ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልለምንዎት። ከየጨዋታው በኋላ ስለ ሐውልት አንድ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። ያላየሁትን ሰው አሁን ልየው።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ድምፄ ጠፍቷል፤ ደግነቱ መጻፍ አለ!

ትናንት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን ወደ ታች እንወርዳለን። ሥራ የፈታውም ያልፈታውም መጥቷል። ዕጣ ፈንታችን ሆኖ የተጋጠምነው ደግሞ ከመሪው ቡድን ጋር ነው። እኔ ከጎል ጀርባ አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር።

ዘጠና ደቂቃ ሙሉ መሃሉን አልተሻገርንም ብልሽ ማጋነን አይደለም። ኳስ ከቀኝ ይመጣል፣ ሐውልት ያወጣዋል። ከግራ ይመጣል፣ ሐውልት ያወጣዋል። ከጎኔ የቆመው ቧንቧ ሠራተኛ መቁጠር ጀምሮ ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ እንባው መጣበትና ተወው። በመጨረሻዋ ደቂቃ በረኛችን ተንሸራቶ ወደቀ፤ ጎሉ ባዶ ነው። ሐውልት መስመሩ ላይ ቆሞ በደረቱ ተቀበላት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኳሷን በሩቁ መለጋት ሲችል መሬት ላይ አሳረፋት፣ ቀና ብሎ አየ፣ ለጓደኛው አቀበለው።

ዳኛው ሲያፏጭ የሆነውን ብታዪ! በዋንጫ ዘመናችን ሁለተኛ ወጣን ብለን ወንበር የሰባበርን ሰዎች፣ "ዜሮ ለዜሮ! ዜሮ ለዜሮ!" እያልን ተቃቅፈን ጨፈርን። ሽማግሌው ሁሉ ሜዳ ገባ። ሐውልትን ሊሸከሙት ሞክረው አቃታቸውና ዙሪያውን ዞሩት። ሰባት ዋንጫ አይቻለሁ፤ እንደ ትናንቷ ዜሮ ለዜሮ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም። ያኔ ደስታው የሚገባን መስሎን ነበር የምንደሰተው። ትናንት የተሰጠን መሆኑን አውቀን ተደሰትን።

ለመጪው ዓመት ምን ዓይነት ተጫዋች ይፈለግ ተብሎ ወሬ ሲነሳ ቧንቧ ሠራተኛው "ማሊያውን አጥፎ የሚያስቀምጥ" አለ። ማንም አልሳቀበትም።

ይህንን ሰው የሰጠሽን አንቺ ነሽ። ተሳስተሽ ነው፣ አውቃለሁ። በትክክል አይተሽ ቢሆን ኖሮ "ዘገምተኛ ነው፣ ይቅርባችሁ" ትዪን ነበር፣ እኛም ዛሬ ታች ነበርን። ተባረኪ።

አጎትሽ፣
ልብስ ሰፊው


ሐምሌ 2 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ፤ ደስታዎ ደስታዬ ነው። ግን ዛሬ ልቆጣዎት ነው።

የሐውልትን ሚስት አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ነው ቤቷ የሄድኩት። የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ ናት፤ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ በሩን ከፈተችልኝ። ለባልሽ ባልሆነው ነገር ያስጨበጨብኩለት፣ ከዚያም ያስሰደብኩት እኔ ነኝ አልኳት። አቀፈችኝ። "ባሌ በየሳምንቱ ይጽፍልኛል። ሰው ሲሰድበኝ እንኳ ስሜን እየጠራ ነው፣ እዚህ እሽግ ስለይ አሥር ዓመት ማንም ስሜን አልጠራም ይለኛል" አለችኝ። አብረን አለቀስን፣ አብረን ሳቅን።

ከዚያ "ያ ልብስ ሰፊ ግን ያሳዝነኛል" አለች። ለምን ብላት፣ "ስለ ደብዳቤው ከወንበሩ አወረዱት አይደል" አለችኝ።

አጎቴ፣ ከኅዳር ጀምሮ! ከየካቲት ወዲህ "ልብስ ሰፊው" ብለው ሲፈርሙ አይቼው ነበር፤ ሰኔ ላይ ከጎል ጀርባ ቆምኩ ሲሉኝም ሊቀመንበር ከትሪቡን ወርዶ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ደግሞ ያስወረደዎት የእኔ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ጉባኤው ፊት ቆመው "እሷ የጻፈችው ሌላ ነው፣ እኔ የተመኘሁትን ነው ያነበብኩላችሁ" ብለዋል አለችኝ። ወረቀቱ የት አለ ሲሉዎት ጠፋ ብለዋል አለችኝ። ያንን የወረቀት ደንብ ያወጡት እርስዎ፣ በእኔ ምክንያት ወረቀት ጠፋ አሉ! ያኔ እኔ መልስ እንኳ አልጻፍኩልዎትም ነበር።

የነሐሴ ፈቃዴን ወስጃለሁ። ሃያ ቀን ነው። ዓመታዊው ጉባኤ ላይ እኔ ራሴ ተነስቼ እውነቱን እናገራለሁ። ወንበርዎን ይመልሱልዎታል፤ ባይመልሱም ስምዎን ይመልሳሉ። እባክዎ አይከልክሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሠሩበትን ነገር በእኔ ምክንያት አጥተው እኔ እዚህ ደህና መተኛት አልችልም።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 25 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። ልትመጪ ነው ብዬ ለእናትሽ ስነግራት ጉልበቷ ወዲያው ተሻላት፤ ከትናንት ጀምሮ መጋረጃ እያጠበች ነው።

ቁጣሽ ደርሶኛል። ይገባኛል። ያኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። ሰዎቹ ተቆጥተው ነበር፤ የተቆጣ ደጋፊ አፉ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። እናትሽ በየቀኑ በዚያ መንገድ ነው የምታልፈው። አንቺም አንድ ቀን ትመጪያለሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ስትመጪ ታየኝ። ወንበር ምንድን ነው? እሷ ምን እንዳጋጠማት አላውቅም፣ ግን ዋሽታ አይደለም አልኩ። ከዚያ የተናገርኩትን ተናገርኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ ስለማላውቅ አላማረብኝም።

አሁን ልናገር ስላልሽ፣ ትናንት ማይክራፎን ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ ሊቀመንበሩ እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ጉባኤ ላይ አምስት ደቂቃ ትፈልጋለች አልኩት። ስለ ምን አለኝ። ስለ ዘጠኝ ቁጥሩ አልኩት። "እሱን እኮ እናውቃለን" አለኝ።

"ምኑን ነው የምታውቁት?"

"ሐውልት በመጣ በሦስተኛው ቀን ነግሮናል። አሥራ አራት ቁጥር ለብሼ ነበር፣ ማሊያው ይቀያየራል፣ ልጅቷ አትወቀስ ብሎ ወደ ጨዋታ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ለነበርነው ነገረን። አንተ አልነበርክም፤ ከዚያም ወሬው ያልደረሰው ላንተ ብቻ ነው። የደብዳቤዋም ግልባጭ የማህበሩ ጸሐፊ ጋ አለ፤ አጭር፣ ግራኝ ይላል። ጉባኤውን የጠራሁት የጻፈችውን እንዳለ ነግረኸን ጉዳዩ እንዲዘጋ ነበር። አንተ ተነስተህ እኔ ነኝ ያጣመምኩት ስትል ሦስት መቶ ሰው እንደምትዋሽ እያወቀ ነው የሰማህ።"

ልጄ፣ የራሱን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ታዲያ ለምን አወረዳችሁኝ?" አልኩት።

"ስለዋሸህ ነዋ። ደንቡ ያንተ ነው። ለማን ብለህ እንደዋሸህ ደግሞ ስለምናውቅ አንዳችንም አንተነፍስም አልን። እናቷ በበራችን ስታልፍ፣ እንዴት አደሩ ከማለት በቀር ቃል የወጣው ሰው አለ?"

ቆጥሬ አየሁት። አንድም የለም። ዳኛውን፣ የዳኛውን ቤተሰብ፣ አሰልጣኙን፣ ደመናውን ሳይቀር የሚሳደብ ሕዝብ ነው። በረኛ ሲያስነጥሰው ዘፈን የሚያወጣ ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ ስለ አንቺ ስምንት ወር አፉን ዘጋ። እኔ አንቺን የሸሸግኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እነሱ ሁለታችንንም ሸሽገውናል። ከእሱ ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ደግሞ ያለ ምክንያት አቅፌው ቤቴ ገባሁ።

ወንበሩን አልፈልገውም። ማይክራፎን ይመቸው፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይሻላል፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አሠርቶ ዋንጫዎቹን አስጠርጓል። እኔ ከጎል ጀርባ መቆም ተመችቶኛል።

ስለዚህ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ነዪ፣ የምትፈሪው ሰው የለም። ጉባኤው ነሐሴ አሥራ ስምንት ነው፤ አምስት ደቂቃሽ ተይዞልሻል። ባትናገሪ ማንም አይጠይቅሽም። መናገር ካለብሽ ግን ተነስተሽ ሁሉንም ተናገሪ፤ እነሱም እንደ አዲስ ይሰሙሻል።

አጎትሽ